ስዊፍት ከረንት ብሮንኮስ

ስዊፍት ከረንት ብሮንኮስ በካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ በስዊፍት ከረንት ከተማ የሚገኝ የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። የሚወዳደረው በምዕራብ ሆኪ ሊግ ሲሆን፣ በሊጉ ካሉት ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትንሿ የእርሱ ናት፤ ነዋሪዎቿ 17 ሺህ አይሞሉም። ቡድኑ የአንድ ባለሀብት ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ንብረት ነው። የሊጉን ዋንጫ በ1989፣ በ1993 እና በ2018 ወስዷል። የአገሪቱ ዋነኛ የወጣቶች ሊጎች የሚፋለሙበትን ሜሞሪያል ዋንጫ ደግሞ በ1989 አንሥቷል። ስሙ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ በ1986 ከደረሰበት የአውቶቡስ አደጋ እና ከዐሥር ዓመት በኋላ ይፋ ከወጣው የአሰልጣኙ ወንጀል ጋር ይነሣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ እና ጨዋታው

ስዊፍት ከረንት በሳስካችዋን ደቡብ ምዕራብ፣ ካናዳን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አካባቢው ዛፍ የማይበዛበት ሰፊ ሜዳ ነው። ሕዝቡ የሚተዳደረው በስንዴ እርሻ፣ በከብት እርባታና በነዳጅ ዘይት ሥራ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ አገር ጣሪያ ያለው የበረዶ ሜዳ የስፖርት ቦታ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት፣ የከተማው ወሬ የሚወራበት፣ ሲከፋም የሚለቀስበት አዳራሽ ነው።

የበረዶ ሆኪን ላላየው አንባቢ፦ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችና አንድ ግብ ጠባቂ ያሰልፋል። ሁሉም ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የምትባለውን ጠንካራ የጎማ ዝርግ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ወደ ግብ ይነዳሉ። ዱላው የገናን ዱላ ያስታውሳል፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። ጨዋታው በሦስት የ20 ደቂቃ ክፍሎች ይካሄዳል። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከሜዳ ወጥቶ ስለሚቀመጥ ተጋጣሚው በዚያ ጊዜ የቁጥር ብልጫ ያገኛል።

የምዕራብ ሆኪ ሊግ የተመሠረተው በ1966 ነው። የካናዳን ምዕራባዊ ክፍለ ሀገራትና የአሜሪካን ሰሜን ምዕራብ የሚያካልል ሲሆን ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ቡድኖች ልጆቹን ገና በ14 እና በ15 ዓመታቸው በዕጣና በምርጫ ይከፋፈሏቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ የሚጫወተው በተወለደበት ከተማ ሳይሆን በመረጠው ቡድን ከተማ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፓትሪክ ማርሎ ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላቁ ሊግ፣ በኤን.ኤች.ኤል.፣ ከማንም ይበልጥ 1,779 ጨዋታ ያደረገው ይህ ሰው የተነሣው ከስዊፍት ከረንት በስተደቡብ ካለችው ትንሽ የገጠር መንደር ከአኔሮይድ ነው። የወጣትነት ዘመኑን ግን ለሲያትል ተጫወተ።

ከቤቱ የራቀው ልጅ በተመደበለት ከተማ ከአንድ ተቀባይ ቤተሰብ ጋር ይኖራል፤ እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድራል፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ይሄዳል። ለመኖሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ጥቂት ነው። ወደፊት በታላቁ ሊግ የሚሰለፈው ከብዙዎቹ ጥቂቱ ሲሆን፣ ይህን ዕድል ለማግኘት ያለው መንገድ በአሰልጣኙ እጅ ነው፤ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ወደ ሌላ ቡድን እንደሚላክ የሚወስነው እርሱ ነው። ቡድኖቹ በክረምት ሌሊት በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ አንዳንዱ ጉዞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የስዊፍት ከረንትን ታሪክ ለመረዳት እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የአሰልጣኙን ሥልጣንና የክረምቱን መንገድ፣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

መነሻው፣ መሄዱ እና መመለሱ

ብሮንኮስ የተቋቋመው በ1967 ነው። ብሮንኮ ማለት ገና ያልተገራ ፈረስ ማለት ሲሆን ስሙ ለከብት አርቢው አካባቢ የሚስማማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብራያን ትሮቲየርን እና ታይገር ዊሊያምስን የመሰሉ፣ በኋላ በኤን.ኤች.ኤል. ስም ያተረፉ ተጫዋቾች በቡድኑ አልፈዋል። ይሁን እንጂ ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለውን ቡድን በትኬት ሽያጭ ማቆየት ከበዳት። በ1974 ቡድኑ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር አልበርታ ተሻገረና ሌትብሪጅ ብሮንኮስ ተባለ። በዚያም 12 ዓመት ቆየ። ከታወቁት የሱተር ወንድማማቾች በርካታዎቹ ለዚሁ ቡድን ተጫውተዋል፤ በ1983 የሊጉን ዋንጫ ወስዷል።

በ1986 በጆን ሪቲንገር የሚመራ የስዊፍት ከረንት ሰዎች ስብስብ ቡድኑን ወደ ከተማዋ መለሰው። በአሰልጣኝነት የተቀጠረው ግርሃም ጄምስ ነበር። ከወጣቶቹ መካከል ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጣው የ17 ዓመቱ ጆ ሳኪክ እና ከማኒቶባዋ ኤልክሆርን የመጣው ሼልደን ኬኔዲ ይገኙበታል። ከተማዋ 12 ዓመት ሙሉ የናፈቀችውን ቡድን በማግኘቷ አዳራሹ ሞቅ ብሎ ነበር።

የ1986 አደጋ

ዲሴምበር 30 ቀን 1986 (ታኅሣሥ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.) ቡድኑ ከሬጃይና ፓትስ ጋር ለመጫወት በአውቶቡስ ወደ ሬጃይና ተነሣ። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አየሩ መጥፎ ነበር። አውቶቡሱ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ካለው የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ድልድይ አጠገብ፣ አስፋልቱን በሸፈነውና ለዓይን በማይታየው ስስ በረዶ ላይ ተንሸራተተ። ከመንገድ ወጥቶ ከአፈር ቁልል ጋር ተላተመና በጎኑ ወደቀ።

በአውቶቡሱ የኋላ ወንበሮች ካርታ ይጫወቱ የነበሩ አራት ልጆች ሞቱ። ትሬንት ክሬሲ 20 ዓመቱ፣ ስኮት ክሩገር እና ክሪስ ማንቲካ 19፣ ብሬንት ራፍ ደግሞ 16 ዓመቱ ነበር። ክሩገር የዚያው ከተማ ልጅ ነበር። የራፍ ታላቅ ወንድም ሊንዲ ራፍ ያን ጊዜ በኤን.ኤች.ኤል. ይጫወት ነበር፤ በኋላም ለብዙ ዓመታት አሰልጣኝ ሆነ። ሳኪክና ኬኔዲ ከተረፉት መካከል ናቸው። ሳኪክ በዓለም የታወቀ ተጫዋች ከሆነ በኋላም ስለዚያ ቀን በአደባባይ ብዙም አይናገርም።

ቡድኑ ውድድሩን አላቋረጠም። በጃንዋሪ ወደ ሜዳ ተመልሶ የቀረውን ጨርሶ ለጥሎ ማለፉ አለፈ። በልብሱ ላይ አራት ቅጠል ያለው የክሎቨር ሣር ምልክት ተሰፋ። በየቅጠሉ የሟቾቹ መለያ ቁጥሮች 8፣ 9፣ 11 እና 22 ተጽፈዋል። ሊጉም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለምበትን ዋንጫ በአራቱ ስም ሰየመው። ይህ የአራቱ ብሮንኮስ መታሰቢያ ዋንጫ ዛሬም ይሰጣል። ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ያው ሳኪክ ነበር፤ በ1987/88 ውድድር 78 ግብ አስቆጥሮ በጠቅላላው 160 ነጥብ ሰብስቧል። (በሆኪ አንድ ግብ ወይም ለግብ የሚያበቃ አንድ ኳስ ማቀበል ለተጫዋቹ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል።)

ስለ አደጋው ማግስት ግን የተረፉት ተጫዋቾች ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ተናግረዋል። ጓደኞቻቸው ሲሞቱ ያዩት እነዚህ ልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ አላገኙም። የውጭ ባለሙያ እንዳይገባ የተከላከለው አሰልጣኙ እንደነበረ ገልጸዋል። በዚያን ጊዜ ነገሩ እንደ ጥንካሬ ታይቶ ተመሰገነ፤ ቡድኑ ሐዘኑን ራሱ ተወጣው ተባለ። አሰልጣኙ የሚደብቀው ነገር እንደነበረው የታወቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው።

የ1989 ድል

ከአደጋው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ብሮንኮስ የካናዳ ምርጥ የወጣቶች ቡድን ሆነ። ሳኪክ በዚያን ጊዜ ወደ ኩቤክ ኖርዲክስ ሄዶ ነበር። የ1988/89 ቡድን አጥቂ ቡድን ነበር፤ በተለይ የቁጥር ብልጫ ሲያገኝ ተጋጣሚን ይቀጣ ነበር። በሊጉ ጥሎ ማለፍ ሙስ ጆን፣ ሳስካቱንን እና ፖርትላንድን እያንዳንዳቸውን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ማለትም በ12 ጨዋታ አንድም አልተሸነፈም።

ሜሞሪያል ዋንጫ በ1919 የተጀመረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ካናዳውያን ወታደሮች መታሰቢያ የሆነ ውድድር ነው። የ1989ኙ የተካሄደው በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በሳስካቱን ነበር። አስተናጋጁ የሳስካቱን ብሌድስ ቡድንም የመወዳደር መብት ስለነበረው ለፍጻሜው ሁለቱ ጎረቤቶች ተገናኙ። ጨዋታው 3 ለ 3 አልቆ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ ቲም ቲስዴል ባገባው ግብ ብሮንኮስ 4 ለ 3 አሸነፈ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ተከላካዩ ዳን ላምበርት ነው። በበሩ የቆመው ትሬቨር ክሩገር እና ከተከላካዮቹ አንዱ የሆነው ዳረን ክሩገር የሟቹ የስኮት ወንድሞች ነበሩ። ከአደጋው የተረፉ ጥቂት ልጆችም፣ ኬኔዲን ጨምሮ፣ ዋንጫውን ተቀብለዋል።

ወሬው በመላው አገር ተሰማ። ትንሿ ከተማ፣ አራቱ ሟቾች፣ ድሉ፤ ታሪኩ ለመንገር የተመቸ ነበር፤ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ደጋግሞ ተነገረ። የታሪኩ ጀግና ሆኖ የተሣለው አሰልጣኙ ነበር። ታዋቂው የሆኪ ጋዜጣ ዘ ሆኪ ኒውስ ግርሃም ጄምስን በ1989 የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው።

በ1993 ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። ጄምስ በ1994 ከስዊፍት ከረንት ለቆ አዲስ ወደተቋቋመው ካልጋሪ ሂትመን ሄደ።

የአሰልጣኙ ወንጀል

በ1996 ሼልደን ኬኔዲ፣ ያን ጊዜ የኤን.ኤች.ኤል. ተጫዋች፣ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ጄምስ ያገኘው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። ወደ ስዊፍት ከረንት ያስመጣውም እርሱ ነው። ለዓመታት በአሰልጣኙ ቤት ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጸምበት ቆይቷል። ጄምስ በጃንዋሪ 1997 ጥፋተኛነቱን አመነ። ክሱ በሁለት ተጫዋቾች ላይ የተፈጸሙ ከ300 በላይ ድርጊቶችን የሚሸፍን ሲሆን የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ኬኔዲ ስሙ እንዳይገለጽ የመጠየቅ መብት ቢኖረውም ራሱ በአደባባይ ወጥቶ ተናገረ። በዚያ ዘመን ወንድ ስፖርተኛ እንዲህ ሲል መስማት በካናዳ ያልተለመደ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጄምስ በ2007 የወንጀል መዝገቡ እንዲሰረዝለት ተደርጎ ነበር። ይህ በ2010 ሲታወቅ ሕዝቡ ተቆጣ፤ የካናዳ ፓርላማም በዚያው ዓመት የይቅርታ አሰጣጥ ሕጉን አጠበቀ። ሌሎች ተጫዋቾችም ቀርበው ተናገሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ልጅ ሳለ በጄምስ ተመልምሎ ለሙስ ጆ ዋሪየርስ የተጫወተው ቲኦ ፍለሪ ነው። በ2012 ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2013 ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ። በ2015 ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለብሮንኮስ ይጫወት በነበረ ሌላ ወጣት ላይ በፈጸመው ጥቃት፣ በዚያው በስዊፍት ከረንት ፍርድ ቤት፣ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ተቀጣ።

ይህ ሁሉ ከተማዋን በሁለት ነገር መካከል አቆማት። ድሉ እውነት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡት ነው። ይሁንና ያ ድል ሲከበር በመካከላቸው ምን ይፈጸም እንደነበር ከታወቀ በኋላ የቀድሞው ታሪክ በቀድሞው መልኩ ሊነገር አልቻለም። ቀደም ሲል ሰዎች የጥንካሬ ምልክት አድርገው ያዩት የባለሙያ አለመግባትም አሁን ሌላ ትርጉም አገኘ። ከቀድሞ ተጫዋቾች አንዱ ቦብ ዊልኪ ስለ አደጋውና ስለ አሰልጣኙ አንድ ላይ የሚተርክ መጽሐፍ ከሌሎች ጋር አሳትሟል፤ ሁለቱን ነጣጥሎ መጻፍ አይቻልምና።

ኬኔዲ በ1998 በተሽከርካሪ ጫማ ካናዳን አቋርጦ ጥቃት ለደረሰባቸው ልጆች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። በ2004 ከአንድ ባልደረባው ጋር ያቋቋመው ድርጅት ለአሰልጣኞችና ለወላጆች ሥልጠና ይሰጣል። በብዙ የካናዳ ስፖርት ማኅበራት አንድ አሰልጣኝ ይህን ሥልጠና ሳይወስድ ልጆችን እንዲያሠለጥን አይፈቀድለትም። አሰልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን የሚያዙ ደንቦችም ከዚህ ጉዳይ ወዲህ በሆኪ ተስፋፍተዋል።

ከዚያ ወዲህ

ቡድኑ በከተማዋ ጸንቷል። እንደ ሌሎቹ ትርፍ ፈላጊ ባለቤት ስለሌለው ሒሳቡ በየዓመቱ በአባላት ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ የከሰረበትም ያተረፈበትም ዓመት ለሕዝብ የተገለጠ ነው። የሚጫወትበት አዳራሽ 3 ሺህ ሰው አይይዝም፤ ይህም በሊጉ ከትንንሾቹ አንዱ ነው። ከቡድኑ ወጥተው ኤን.ኤች.ኤል. ከገቡት መካከል ኮዲ ኢኪን፣ አዳም ላውሪ እና ጄክ ደብረስክ ይገኛሉ። ላውሪ በ2013 የአራቱን ብሮንኮስ መታሰቢያ ዋንጫ ተሸልሟል።

በ2017/18 ቡድኑ ሁሉን ነገር ለአንድ ዓመት ሰዋ። ወጣት ተጫዋቾቹንና የወደፊት የምርጫ ዕድሎቹን ሰጥቶ የበሰሉ ተጫዋቾችን አመጣ፤ ከእነርሱ አንዱ ግብ ጠባቂው ስቱዋርት ስኪነር ነው። በአሰልጣኝ ማኒ ቪቬይሮስ፣ በአምበሉ ግሌን ጋውዲን እና ለካናዳ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ወርቅ ያስገኘችውን ግብ ባስቆጠረው ታይለር ስቲንበርገን እየተመራ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ኤቨረት ነበር። ብሮንኮስ በስድስተኛው ጨዋታ አሸንፎ ከ25 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። የዚያን ዓመት የአራቱን ብሮንኮስ ዋንጫ የተቀበለው ግን የተሸናፊው ቡድን ግብ ጠባቂ ካርተር ሃርት ነበር። በሬጃይና በተካሄደው ሜሞሪያል ዋንጫ ብሮንኮስ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ዕዳው በሚቀጥለው ዓመት መጣ፤ የሊጉ ሻምፒዮን በ2018/19 መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያው የድል ዓመት፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2018፣ በዚሁ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሃምቦልት ከተማ የወጣቶች ቡድን ለጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲጓዝ አውቶቡሱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ሞቱ። የዚያም ቡድን ስም ብሮንኮስ ነው። በስዊፍት ከረንት የ1986ቱ ቀን እንደ ትናንት ተነሣ። ከአውቶቡሱ የተረፉ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ኬኔዲን ጨምሮ፣ ወደ ሃምቦልት ሄደው የሟቾቹን ቤተሰቦችና የተረፉትን አነጋገሩ። በዚህ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በከተማው ነበሩ። በካናዳ ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩ የረጅም መንገድ አውቶቡሶች የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል።

የ1986ቱ አደጋ 30ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በዲሴምበር 30 ቀን 2016፣ አውቶቡሱ በወደቀበት ቦታ አጠገብ የአራት ቅጠል ቅርጽ ያለው ሐውልት ቆመ። ከአውራ ጎዳናው ይታያል። ቡድኑ ወደ ሬጃይና ለጨዋታ በሄደ ቁጥር በአጠገቡ ያልፋል።